ከሜሪላንድ የመጣ ትሮምቦንና የ13 ዓመት ተማሪ፦ የጉዳይ ጥናት

በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን አስከትላ፣ ረጅም ጥቁር የመሣሪያ ሣጥን ይዛ አዲስ አበባ ውስጥ ወደማስተምርበት ክፍል መጣች። ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት የማርሽ ባንድ ውስጥ ለአምስት ወር ትሮምቦን ተለማምዶ አንድም ዜማ በወጉ መጫወት ስላልቻለ፣ አሠልጣኙ ከንፈሩ ለዚህ መሣሪያ እንዳልተፈጠረና ወደ ከበሮ ቢዛወር እንደሚሻል ነግሯቸዋል። እናቲቱ ያመጣት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መምህር፣ እውነት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ልጄን በከንቱ አላድክመው» አለችኝ። ልጁ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምጽፈው፣ በልጁ ላይ የተሰጠው ፍርድ በብዙ ጀማሪዎች ላይ ሲሰጥ ስላየሁ ነው። የናስ የትንፋሽ መሣሪያ እንደ ፒያኖ ተጭነውት የሚጮህ ስላልሆነ፣ ድምፁ ሲበላሽ ጥፋቱ የሰውየው ይሁን የመሣሪያው ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ ይችላል ወይም አይችልም ከማለቴ በፊት ሦስት ነገሮችን፣ ማለትም መሣሪያውን፣ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን ተነቃይ መንፊያ) እና አነፋፈሱን፣ ለየብቻ ለመመርመር ወሰንኩ።

ትሮምቦኑን የላከችው ሜሪላንድ የምትኖረው የልጁ አክስት ናት። የእህቷ ልጅ ባንድ ውስጥ መግባቱን ስትሰማ፣ ከአንድ ጡረተኛ ተጫዋች ላይ ያገለገለ መሣሪያ ገዝታ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችለት። በመልካም ሠሪ የተሠራ ቴነር ትሮምቦን ሲሆን፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት 13.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በተለምዶ ትልቅ ቦር የሚባለውና የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች የሚይዙት ዓይነት ነው። ከኋላው በግራ አውራ ጣት የሚሠራ፣ ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት ትሪገር አለው። አክስቲቱ ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ ሻጩ የለመደውን ማውዝፒስ ለራሱ አስቀርቶ መሣሪያውን ያለ ማውዝፒስ መስጠቱን ነው። ሣጥኑ አዲስ አበባ ሲደርስ ቤተሰቡ ከአንድ የቀድሞ ሙዚቀኛ አሮጌ ማውዝፒስ ገዛ፤ ልጁም በዚያው ጀመረ።

የምርመራውን ሂደት ለመከተል መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቴነር ትሮምቦን ቢዘረጋ 2.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ተጫዋቹ ከንፈሩን በማውዝፒሱ ውስጥ በትንፋሽ ሲያርገበግብ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከንዝረቱ ጋር ተባብሮ ይጮኻል፤ ስላይዱን (የሚሳብና የሚገፋውን ቱቦ) ሳያንቀሳቅስ፣ ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ብቻ፣ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ከዚያም ላይኛው ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በእነዚህ መካከል ያሉትን ድምፆች የሚሰጠው ስላይዱ ነው። ሰባት ፖዚሽኖች፣ ማለትም የማቆሚያ ቦታዎች፣ ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ድምፁን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው 11 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ቁልፍም ሆነ ምልክት ስለሌለው፣ ቦታውን የሚያገኙት ክንድና ጆሮ ተባብረው ነው። ጆሮ ደግሞ ሊማር የሚችለው መሣሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጠው ብቻ ነው። የልጁ ትሮምቦን ይህን መልስ አይሰጥም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዜማ እንዲጫወት አልጠየቅሁትም። በአንደኛ ፖዚሽን መካከለኛውን ኤፍ እስከቻለ ድረስ አርዝሞ እንዲነፋ ብቻ ነገርኩት። ድምፁ ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ ወደ ታች ወረደና ጠፋ። ደግሞ ሲሞክር ሌላ ቦታ ላይ ተነሣ። ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ በኃይል ስለሚጭነው፣ ሲያወርደው ላይኛው ከንፈሩ ላይ ቀይ ቀለበት ይታይ ነበር። አሠልጣኙ «ከንፈሩ አልተፈጠረም» ያለው ይህን ቀለበት አይቶ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም ሌላ ነገር ባላይ ኖሮ እንደዚያው እጠረጥር ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያውን ከእጁ ስቀበለው ማውዝፒሱ በጣቴ ተሽከረከረ። ነቅዬ ሳየው፣ ወደ ቱቦው በሚገባው ጫፉ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን በወፍራሙ ተጠምጥሞበታል።

የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የቴነር ትሮምቦን ማውዝፒሶች ወደ መሣሪያው በሚገባው ጫፋቸው፣ ሻንክ በሚባለው፣ በዋነኛነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንሹ ሻንክ ለተማሪና ለጃዝ ትሮምቦኖች፣ ትልቁ ሻንክ ለትልቅ ቦር ትሮምቦኖች የተሠራ ነው። ልጁ የያዘው ባለ ትንሽ ሻንክ፣ ባክ በተባለው ሠሪ አቆጣጠር 12ሲ የሚባለው ነው። 12ሲ መጥፎ ማውዝፒስ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ የተማሪ ትሮምቦኖች ጋር የሚሸጥ የጀማሪ ማውዝፒስ ነው። በትልቁ መግቢያ ውስጥ ሲገባ ግን ከሚገባው በላይ ዘልቆ ይሰምጥና ዙሪያውን ክፍት ይተዋል። ቴፍሎኑ መወዛወዙን በጥቂቱ ቢይዘውም፣ በማውዝፒሱ መጨረሻና በቱቦው መጀመሪያ መካከል ያለውን የተመጣጠነ ሽግግር ሊመልሰው አይችልም። ውጤቱም ድምፆቹ በቦታቸው አለመቆማቸው፣ የታችኞቹ መድፈቅና መላው ቅኝት መዛባቱ ነው። ልጁ ድምፁ ሲከዳው ማውዝፒሱን ይበልጥ ይጫናል፤ ሲጫን ከንፈሩ መርገብገቡን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ይጫናል። ቀዩ ቀለበት የመጣው ከዚህ ነው።

ግምቴን ለማረጋገጥ ሁለት ሙከራ አደረግሁ። መጀመሪያ የራሴን ባለ ትልቅ ሻንክ ማውዝፒስ በልጁ ትሮምቦን ላይ አድርጌ ያንኑ ኤፍ እንዲነፋ ነገርኩት። ቀጥሎ የእሱን 12ሲ ቴፍሎኑን አንሥቼ፣ አጽድቼ፣ በክፍሉ ውስጥ በነበረው 12.7 ሚሊ ሜትር ቦር ባለው የተማሪ ትሮምቦን ላይ ሰካሁት። በሁለቱም ጊዜ ድምፁ ቆመ። ያማረ ድምፅ ነበር አልልም፤ ትንፋሹ አጭር ነው፣ ጉንጩም ይነፋል። ነገር ግን ኤፉ ኤፍ ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ አልተንገዳገደም። ያው ልጅ፣ ያው ከንፈር፣ ያው ትንፋሽ ነው፤ የተለወጠው መገጣጠሚያው ብቻ ነው። እናቲቱ ሙዚቃ አልተማረችም፣ ግን ልዩነቱን ሰምታ ቀና አለች። ልጁም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

ማውዝፒሱ ግን ሁሉንም ነገር አልገለጠልኝም። ልጁ ስላይዱን ወደ ውጭ ሲገፋ ከአራተኛ ፖዚሽን አለፍ ብሎ ክንዱ በድንገት ይደናቀፋል፤ ከዚያ በክርኑ ኃይል ጥሶ ያልፍና ስድስተኛውን ዘልሎ ይሄዳል። ስለዚህ ስላይዱን ከደወሉ (ድምፅ ከሚወጣበት ሰፊ አፍ) ክፍል ለይቼ መረመርኩት። ያገለገለ ትሮምቦን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ምርመራ ከመክፈሉ በፊት ቢያደርገው ብዙ ጸጸት ያድናል። የውስጠኛውን ቱቦ ይዞ ስላይዱን ቀጥ አድርጎ ማቆምና መቆለፊያውን መፍታት ነው፤ ውጨኛው ክፍል፣ እንዳያመልጥ ከታች እጅ ተደርጎለት፣ በራሱ ክብደት ያለ ድምፅ መውረድ አለበት። ሁለቱም ክፍት ጫፎች በጣትና በመዳፍ ሲዘጉ ደግሞ፣ አየር ስለማይገባው በጣም በዝግታ መውረድ አለበት፤ ሁለቱም ተዘግተው በፍጥነት ከወረደ አየር ያሾልካል ማለት ነው። የእኛው አየር አያሾልክም ነበር፤ ሲለቀቅ ግን መሐል ላይ ቆመ። ቀጥሎ ውጨኛውን ክፍል ገልብጬ አንዱን ቱቦ ብቻ በአንዱ ላይ አስገባሁ፤ እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ይፈተሻል። ላይኛው ያለ ችግር ሄደ። የታችኛው በመካከሉ ተያዘ። ብርሃን ላይ ሳዞረው በጥፍር እንጂ በዓይን በቀላሉ የማይገኝ ትንሽ ጎድጓዳ አገኘሁበት፤ መንገድ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ሳይቆለፍ ሲንገላታ የመጣ ይመስለኛል። በዚህ ላይ አንድ ደግ ሰው ለማላላት ብሎ የስፌት መኪና ዘይት አፍስሶበት፣ ዘይቱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ጭቃ ሆኗል።

ዘይቱን እኛው አጠብነው። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በረጅም ተጣጣፊ ብሩሽ ውስጡን አሽተን፣ አለቅልቀን አደረቅነው። የፈላ ውኃ የመሣሪያውን ቫርኒሽ ሊልጠው ስለሚችል አይመከርም። ከዚያ ለስላይድ የተሠራውን ክሬም በጣም ስስ አድርጌ በውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ስቶኪንግ በሚባለው በጥቂቱ በሚወፍረው ክፍል ላይ ቀባሁና ውኃ ረጨሁበት። በክሬሙ ላይ የሚያቀልለው ውኃው ነው፤ ተማሪ የውኃ መርጫውን ከሣጥኑ ሊለይ አይገባም።

ጎድጓዳውን ግን አልነካሁም። የስላይድ ቱቦ በጣም ስስ ከመሆኑም በላይ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር የማይሰፋ ስለሆነ፣ በእንጨት ወይም በማንኪያ ጀርባ ለማቃናት የሚሞክር ሰው ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያደርገዋል። በወታደር ባንድ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ አሁን በቤታቸው መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ወሰድነው። በአዲስ አበባ የናስ መሣሪያ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ወዲህ፣ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች በኩል እስከ እነዚህ አዛውንት ድረስ ደርሷል። ኪቦርድ የነፊዎችን ቦታ ከወሰደ በኋላ ይህ ሰንሰለት እየሳሳ መምጣቱ ያሳስበኛል። አዛውንቱ የብረት ዘንግ በቱቦው ውስጥ አስገብተው፣ ከላይ በለስላሳ መዶሻ ሳይሆን በመጥረጊያ ብረት ቀስ እያሉ አሹት። ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ ድኗል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዘጠኝ እጁ ወጥቷል፤ ቀሪውን ብነካው ቱቦው ይሳሳብኛል» አሉ። ትክክል ናቸው።

ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ የሚለው ምርጫ መጣ። የእኔ ምክር ግልጽ ነበር። ለ13 ዓመት ልጅ እኔ ብመርጥለት ኖሮ ትሪገር የሌለው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ቦር ያለው ያገለገለ የተማሪ ትሮምቦን፣ ለምሳሌ እንደ ያማሃ 354 ያለውን እመርጥ ነበር። ቀላል ነው፣ ብዙ ትንፋሽ አይጠይቅም፣ ስላይዱም ዕድሜ አለው። ስም የሌለውን አዲስና የሚያብረቀርቅ ርካሽ ትሮምቦን ግን በምንም ዋጋ አልመክርም፤ ደወሉ ውብ ሆኖ ስላይዱ የማይሄድ መሣሪያ ገዝተው የመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል፣ መጠገኛም የለውም። 800 ግራም ብቻ የሚመዝነው የፕላስቲክ ትሮምቦን፣ ፒቦን የሚባለው፣ ለትንሽ ልጅ ወይም ለዝናብ ቀን ሰልፍ ጥሩ ነው፤ ስላይዱ ግን እንደ ናሱ ስለማይለሰልስ ለረጅም ጊዜ ትምህርት አልመርጠውም። ስለዚህ የአክስቲቱን ትሮምቦን ሸጠው አነስተኛውን እንዲገዙ ነገርኳቸው።

እናቲቱ እምቢ አለች። እህቷ ከደመወዟ ቆጥባ የላከችው ስጦታ ነውና እንዳይሸጥ ለመነችኝ። በወቅቱ ስሜት ሙያን እንዳሸነፈ ተሰምቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እኔ ያልመዘንኩትን አንድ ነገር ትሪገሩ መዘነልኝ። የልጁ ክንድ አጭር ስለሆነ ስድስተኛ ፖዚሽን ላይ ሲደርስ ትከሻው ይዞራል፣ ማውዝፒሱም ከከንፈሩ ይሸሻል። ትሪገሩ ተጨማሪውን ቱቦ ከፍቶ መሣሪያውን በአራት ድምፅ እርከን ወደ ኤፍ ስለሚያወርደው፣ በስድስተኛ የሚገኘው የታችኛው ሲ በአንደኛ ፖዚሽን፣ በሰባተኛ የሚገኘው ቢ ደግሞ ከሁለተኛ ጥቂት ወጣ ብሎ ይገኛል። ክብደቱና የሚፈልገው ትንፋሽ ጉዳቱ ነው፤ ክንዱን ማሳረፉ ጥቅሙ ነው። አክስቲቱም ከሁለት ወር በኋላ በመንገደኛ እጅ 6½ኤኤል የሚባለውን፣ ከ12ሲ በመጠኑ ሰፋ የሚለውን፣ በትልቅ ሻንክ የተሠራ ማውዝፒስ ላከች። ስታዝ «ትልቅ ሻንክ» የሚለውን ቃል ጽፌ ሰጥቻት ነበር፤ ይኸው ቁጥር በትንሽ ሻንክም ስለሚሠራ ቁጥሩን ብቻ ማዘዝ ወደ መጀመሪያው ስሕተት ይመልሳል።

መሣሪያው ሲስተካከል የልጁ የራሱ ጉድለቶች ተለይተው ታዩ፤ አልዋሽም፣ ነበሩበት። የመጀመሪያው አያያዝ ነው። ክብደቱን በቀኝ እጁ ይሸከም ስለነበር ስላይዱ ነፃ አልነበረም። ክብደቱ ሁሉ የግራ እጅ ዕዳ ነው፦ አመልካች ጣት ወደ ማውዝፒሱ ተዘርግቶ፣ ሦስቱ ጣቶች የስላይዱን መስቀለኛ ጨብጠው፣ አውራ ጣት ትሪገሩ ላይ ያርፋል። ቀኙ ስላይዱን በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ጫፍ ብቻ ይይዛል፣ አንጓውም ይላላል። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ትከሻውን እያነሣ በደረቱ አናት ብቻ ይተነፍስ ነበርና፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በአራት ምት ወደ ሆዱ አስገብቶ በስምንት ምት እንዲያወጣ፣ ለሦስት ሳምንት ያለ መሣሪያ አሠለጠንኩት።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ሲጀምር እንደ ጠርሙስ ቡሽ ይፈነዳል፣ ከዚያ ለቅጽበት ይቆረጣል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም። አንድ ቀን ምላስህን እንዴት ነው የምታነሣው ስለው፣ «ጡ እላለሁ» አለኝ። የባዕድ መጻሕፍት ለድምፅ አጀማመር የሚሰጡትን ፊደል ሰው በቃል ሲነግረው፣ እሱ ጠንካራ ይሁን ብሎ በእኛው «ጡ» ተረድቶታል። «ጠ» ስንል ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፤ ትሮምቦን ደግሞ ጉሮሮ ሲዘጋ ይሞታል። መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ «ጡ» እና «ቱ» እንዲል አደረግሁት፤ በ«ቱ» ነፋሱ መዳፉን ሲመታው፣ በ«ጡ» ግን ሲቋረጥበት ራሱ ልዩነቱን አገኘው። ለማርሽ «ቱ»፣ ለዝግተኛ ዜማ ደግሞ ለስለስ ያለውን «ዱ» ያዝን። ይህ «ዱ» በትሮምቦን ላይ ግዴታ ነው፤ ስላይድ ያለ ምላስ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ድምፁን እየጎተተ ስለሚያንሸራትት፣ የሚያያይዝ ዜማ መጫወት የሚፈልግ ሰው ትንፋሹን ሳያቋርጥ በምላሱ በስሱ መለየት አለበት።

ለልምምድ የመረጥኩለት ትዝታ ቅኝት ነው። ከላይኛው ቢ ፍላት ሲጀመር ቢ ፍላት በአንደኛ፣ ሲ በሦስተኛ፣ ዲና ኤፍ በአንደኛ፣ ጂ ደግሞ ከሁለተኛ ገባ ብሎ ይገኛል፤ ሁሉም ከሦስተኛ ፖዚሽን አይወጣም። ከታችኛው ቢ ፍላት ሲጀመር ግን ዲና ጂ በአራተኛ ሆነው ሲ ወደ ስድስተኛ ይርቃል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይኛውን፣ ከትሪገሩ ጋር ከተላመደ በኋላ ታችኛውን ያስያዝኩት። እዚህ ላይ የልጁ ጆሮ ራሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ላይኛው ዲ ለምን እንደሚያንስበት። ጥያቄው የተፈጥሮ ነው። ይህ ዲ በአንደኛ ፖዚሽን ከእኛ ኪቦርድ ዲ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ስላይዱ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም። መፍትሔው የማቃኛውን ቱቦ ጥቂት አስገብቶ፣ ቢ ፍላትን ከመዝጊያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ መጫወትና ለዲው ስላይዱን እስከ መዝጊያው ማስገባት ነው። ከአምስት ወር በፊት መሣሪያህ ይህን ቢነግርህ ትሰማው ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

በቀን የሚለማመደው 25 ደቂቃ ብቻ ነበር፦ አምስቱ በማውዝፒሱ ብቻ፣ ቀሪው በረጃጅም ድምፆች፣ ስላይድ ሳይንቀሳቀስ በከንፈር ብቻ በመውጣትና በመውረድ፣ በመጨረሻም በዜማ። የነፋውን ያህል እንዲያርፍ አዘዝኩት። ቀዩ ቀለበት በኅዳር አጋማሽ ጠፋ። በየካቲት አንድ ስምንት ድምፅ እርከን ያለ መንገዳገድ ሲሄድ፣ በግንቦት ወደ ትምህርት ቤቱ ባንድ ተመለሰ። አሠልጣኙ በደስታ ተቀበለው፤ ማውዝፒሶችን በሻንክ ለይቶ ማስቀመጥም ጀምሯል። በሐምሌ ብርድ አንድ ጠዋት ከትራምፔቶቹ በታች እየሆነ ሲቸገር ደውሎልኝ ነበር፤ የቀዘቀዘ ናስ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ከመቃኘቱ በፊት ለአምስት ደቂቃ ያለ ድምፅ ሞቃት ትንፋሽ እንዲያሳልፍበት ነገርኩት።

ስላይዱ ከአራተኛ ፖዚሽን አለፍ ሲል እስከ ዛሬ በጥቂቱ ይሸረክታል። ልጁ ቦታውን በእጁ ስለሚያውቀው ከመድረሱ በፊት ውኃ ይረጫል። አክስቲቱ በሚቀጥለው የገና ጉዞዋ የታችኛውን ቱቦ ወደ ሜሪላንድ ይዛ ልታስቀይረው አስባለች፤ እስከዚያው ድረስ እሑድ እሑድ በስልክ ትዝታ ያጫውታታል፤ ታችኛውን ሲ በትሪገር፣ በአንደኛ ፖዚሽን።